የብር ውኃ፤ ለሸክላ ይበጃል እንጂ ለሆድ አይበጅም

በቋንቋችን ብር የምንለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ከኪሳችን የሚወጣው መገበያያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ነጭ ሆኖ የሚያንጸባርቀው ማዕድን ነው። ሁለቱ አንድ ስም የያዙበትም ምክንያት ለማንም የተሰወረ አይደለም። አባቶቻችን ለብዙ ዘመን ሲገበያዩበት የኖሩት ገንዘብ የኦስትሪያዊቷ የማሪያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት፣ እኛም ማርትሬዛ የምንለው የብር መሐለቅ ነበረ። አንጥረኛውም ይህንኑ እያቀለጠ መስቀል፣ ድሪ፣ አምባርና ጉትቻ ይሠራበት ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ ወዲህ ማርትሬዛ ከገበያ እየራቀ ሄዶ፣ ዛሬ በየሣጥኑ ውስጥ የአያት ማስታወሻ ሆኖ ተቀምጧል።

ዛሬ በዚህ ገጽ የምንጽፈው ግን ስለ ብር ገንዘብነትም ሆነ ስለ ጌጥነቱ አይደለም፤ ስለ መጠጥነቱ ነው።

ነገሩን ያየሁት እዚሁ ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በአንድ ጎረቤቴ ቤት ነው። ሰውዬው ዘመናቸውን በመብራት ሠራተኛነት ፈጽመው ጡረታ የወጡ፣ እጃቸው ሥራ የማይፈታ አዛውንት ናቸው። ስማቸውን መጥራት አስፈላጊ ስላልሆነ ሠፈርተኛው እንደሚጠራቸው ጋሼ ብቻ እንበላቸው። በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ተጠርቼ ስገባ፣ ጋሼ በመስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ አኑረዋል። በብርጭቆው ውስጥ ሁለት ማርትሬዛ በሽቦ ተንጠልጥለው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሽቦዎቹም እርስ በርሳቸው ከተያያዙ ሦስት ባለ 9 ቮልት የባትሪ ድንጋዮች ጋር ተቀጥለዋል። ውኃው እንደ አጓት ደፍርሷል፤ ከአንደኛው ብር ላይም ደቃቅ አረፋ ይወጣል።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«በፈረንጆቹ ቋንቋ ኮሎይዳል ሲልቨር ይሉታል፤ አንተ የብር ውኃ በለው» አሉኝ ፈገግ ብለው። «በየቤታቸው እየሠሩ ሲጠጡት በስልኬ አየሁ። ጀርም የተባለን አያስቀርም አሉ። ትንሽ ጨው ስጨምርበት ደግሞ ይኸው እንደምታየው ይበረታል።»

«የሚጠጣው ማን ነው?»

ጋሼ መልስ ሳይሰጡ በአገጫቸው ወደ ጓዳው አመለከቱኝ። ከጓዳው የባለቤታቸው የእትዬ ሳል ይሰማ ነበር። ያ ሳል ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል።

ጋሼ ሞኝ ሰው አይደሉም፤ ባለቤታቸውንም የሚወዱ ሰው ናቸው። ሆስፒታል ተሰልፎ ከመዋል በገዛ እጅ የሠሩትን መድኃኒት ማቅረብ ለአንድ ባለሙያ የሚያኮራ ነገር መሆኑም አይካድም። ስለዚህ ነገሩን ስቄ ማለፍ አልወደድኩም። መጻሕፍት አገላበጥኩ፤ ሒሳቡንም ሠራሁት። ያገኘሁትን ለአንባብያን ማቅረቤ እንዲህ ያለው ብርጭቆ በሌላም ቤት ጠረጴዛ ላይ ይገኝ ይሆናል ብዬ ስለ ሠጋሁ ነው።

በብርጭቆው ውስጥ ምን ይሆናል?

በጋሼ ብርጭቆ ውስጥ ምንም አስማት የለም። ሥራው ኤሌክትሮሊሲስ ይባላል፤ ይኸውም በኤሌክትሪክ ኃይል አንድን ነገር መፍታት ማለት ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ጋር የተያያዘው ብር፣ ከገጹ ላይ ያሉት አተሞች አንድ አንድ ኤሌክትሮን እየተወሰደባቸው ወደ ውኃው ይገባሉ። እንዲህ ኤሌክትሮኑን ያጣ አተም አዮን ይባላል። ከኔጋቲቩ ጫፍ ዘንድ ደግሞ ሃይድሮጂን የተባለው ጋዝ ከውኃው ይለቀቃል፤ ያየሁትም አረፋ ይኸው ነው።

ከአዮኖቹ ጥቂቶቹ የተወሰደባቸውን ኤሌክትሮን መልሰው ሲያገኙ እርስ በርሳቸው ይያያዙና ዓይን የማያያቸው የብር ብናኞች ይሆናሉ። እንደዚህ ያለ ብናኝ ሳይሟሟም ሳይዘቅጥም በውኃ ውስጥ ተንሳፎ ሲኖር ኮሎይድ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1861 ያወጣለት ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ግራሃም ነው። ለምሳሌ ወተት ኮሎይድ ነው፤ በክረምት ጧት እንጦጦን የሚሸፍነው ጭጋግም እንደዚሁ። የመኪና መብራት ጭጋግ ውስጥ ሲገባ የጨረሩ መንገድ ቁልጭ ብሎ እንደሚታይ ሁሉ፣ በብር ኮሎይድም ውስጥ መብራት ቢያበሩ ጨረሩ በጎን ይታያል። በቤት የሚሠራው ውኃ ግን ስሙ ኮሎይድ ይባል እንጂ አብዛኛው ብር ያለበት በአዮንነት ሟሙቶ ነው።

ይህን ሥራ ጠንቅቀው የሚሠሩ ሰዎች 99.99 ከመቶ ንጹሕ የሆነ የብር ሽቦና፣ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን የመሰለ ዲስቲልድ ውኃ ካልሆነ በቀር አይጠቀሙም። ጋሼ ግን ሳያውቁት ሦስት ነገር አጥፍተዋል።

የመጀመሪያው፣ ማርትሬዛ ንጹሕ ብር አለመሆኑ ነው። አንዱ ማርትሬዛ 28 ግራም ያህል ሲመዝን ከዚህ ውስጥ ብሩ 23.4 ግራም ያህል ነው፤ የቀረው በብዛት መዳብ ነው። ኤሌክትሪኩ ብሩን ሲያወርድ መዳቡንም አብሮ ያወርደዋል። አንጥረኛ የሠራው ጌጥማ ምን እንደ ተቀላቀለበት የሚያውቀው አንጥረኛው ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ ውኃው የቧንቧ ውኃ መሆኑ ነው። የቧንቧ ውኃ ማዕድንም ክሎሪንም አለበት።

ሦስተኛው ጨው ነው። የብር አዮን ከጨው ክሎራይድ ጋር በተገናኘ ጊዜ ሲልቨር ክሎራይድ የሚባል፣ ውኃ የማያሟሟው ነጭ ነገር ይሆናል። ጋሼ «በረታ» ያሉት ድፍርስ ይኸው ነው። ያን ብርጭቆ ፀሐይ ላይ ቢያቆዩት ነጩ እየጠቆረ ይሄዳል። ፎቶግራፍ የሚባለው ጥበብ በፊልም በነበረበት ዘመን የተመሠረተው በዚሁ በብር ጨዎች ጠባይ ላይ ነበር። እንግዲህ ጋሼ መድኃኒት አበረታሁ ሲሉ የፎቶግራፍ ቅመም ይሠሩ ኖሯል።

ከሦስቱ ሁሉ የሚብሰው ግን የመጠን ነገር ነው። በኤሌክትሪክ የሚወርደው ብር ልክ አለው፤ ሕጉንም እንግሊዛዊው ሚካኤል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አስተካክሎ አስቀምጦታል። አንድ አምፔር በአንድ ሴኮንድ 1.118 ሚሊ ግራም ብር ያንቀሳቅሳል። ይህ ልክ እጅግ የታመነ ስለ ነበረ እስከ እ.ኤ.አ. 1948 ድረስ ዓለም አቀፉ አምፔር ራሱ የሚተረጐመው በዚሁ በብር ነበር። በዚህ ሒሳብ አንድ ሚሊ አምፔር፣ ማለት የአምፔር አንድ ሺህኛ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ቢሄድ 4 ሚሊ ግራም ብር ያወርዳል። ነገር ግን አምፔር መለኪያ ሳይቀጥል የሚሠራ ሰው በሽቦው የሚሄደው 1 ይሁን 20 ሚሊ አምፔር አያውቅም። ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ውኃው ኤሌክትሪኩን በብዙ እጥፍ ያሳልፋል። በቤት የሚሠራ መድኃኒት ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው፤ ጠጪው ምን ያህል እንደ ጠጣ አያውቅም።

ብር በሐኪም እጅ

ይህን ሁሉ ስንል ብር በጀርም ላይ ኃይል የለውም ማለታችን አይደለም። ኃይል አለው፤ የታወቀውም ከጥንት ነው። ግሪካዊው ሄሮዶቱስ እንደ ጻፈው የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድ የሚጠጣው ውኃ ተፈልቶ በብር ዕቃ ተጭኖ ይከተለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1869 ፈረንሳዊው ራውሊን አንድ ዓይነት ሻጋታ በብር ዕቃ ውስጥ አልበቅል እንዳለው አስተዋለ። በ1893 ደግሞ ስዊሳዊው የዕፀዋት ሊቅ ኔጌሊ እጅግ ጥቂት የሆነ ብር በውኃ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ፍጥረታትን እንደሚገድል አስረዳ። የብር አዮን የባክቴሪያን ልብስ ይበሳል፤ ለመተንፈስና ለመራባት የሚሠሩባቸውንም ፕሮቲኖች እየያዘ ሥራ ያስፈታቸዋል።

ሐኪሞችም በዚህ ኃይል ተጠቅመዋል። ከሁሉ የሚያስመሰግነው በጀርመን አገር በላይፕሲክ ከተማ የሆነው ነው። በዚያ ዘመን ከእናታቸው በሚወለዱበት ጊዜ የጨብጥ ጀርም ዓይናቸው ውስጥ እየገባ ብዙ ሕፃናት ይታወሩ ነበር። ክሬዴ የተባለው የማዋለጃ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1880 በተወለዱት ሕፃናት ዓይን ላይ የብር ናይትሬት ጠብታ ማድረግ ጀመረ። ቀድሞ ከመቶ ሕፃናት 10 ያህሉን ይይዝ የነበረው ሕመም ከመቶ አንድ እንኳ ወደማይሞላ ቁጥር ወረደ። ዛሬ በእኛም አገር ለዚሁ ጉዳይ የሚደረገው የቴትራሳይክሊን ቅባት የዚያ የብር ጠብታ ወራሽ ነው።

ከዚያ በኋላ እስከ እ.ኤ.አ. 1940ዎቹ ድረስ የብር መድኃኒቶች በየፋርማሲው ይሸጡ ነበር። ፔኒሲሊንና ሌሎቹ አንቲባዮቲኮች ሲመጡ ግን ብዙዎቹ ቀሩ። የቀሩትም በምቀኝነት አይደለም፤ አዲሶቹ መድኃኒቶች በደም ተጉዘው ጀርሙ ካለበት ድረስ ስለሚደርሱ፣ ብሩ ግን ስለማይደርስ ነው። በ1968 የተሠራው የብር ሰልፋዳያዚን ቅባት ለተቃጠለ ቆዳ እስከ ዛሬ ያገለግላል። አንባቢ ያስተውል፤ በዓይን ላይ፣ በቁስል ላይ፣ በቆዳ ላይ ነው እንጂ በሆድ ውስጥ አይደለም።

ሆድ ብርጭቆ አይደለም

በብርጭቆ ውስጥ ጀርም የገደለ ሁሉ በሰው ሆድ ውስጥ ይገድላል ማለት አይቻልም። በረኪናም በብርጭቆ ውስጥ ጀርም ይገድላል፤ የሚጠጣው ግን የለም። የጋሼን ውኃ እንከተለው። እትዬ ሲጠጡት በመጀመሪያ የሚገናኘው ከጨጓራ አሲድ ጋር ነው። ይህ አሲድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲሆን ክሎራይድ የሞላበት ነው፤ ስለዚህ ጨው ያላደፈረሰውን የብር አዮን የገዛ ጨጓራችን ያደፈርሰዋል። ከዚያ ያመለጠው ከምግብና ከደም ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። በብዛት ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን በሰውነት ውስጥ ይቀራል። በሳንባ ውስጥ የተደበቀውን የነቀርሳ ባክቴሪያ ሄዶ የሚገድል ብር ግን ከዚህ መንገድ የሚተርፍ የለም።

ከዚህም በላይ ብሩ ሌላውን መድኃኒት ያደናቅፋል። አንዳንድ አንቲባዮቲኮችና ለእንቅርት ሕመም የሚሰጠው ታይሮክሲን ከብር ጋር ሲወሰዱ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል።

በሰውነት የሚቀረው ብርስ ምን ይሆናል? በቆዳ ሥር ይከማችና ብርሃን ሲነካው ይጠቁራል። ጋሼ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ነጭ ነገር በፀሐይ እንደሚጠቁረው ማለት ነው። ሰውዬውም ፊቱ፣ ጥፍሩና የዓይኑ ነጭ ሳይቀር አመድማ ሰማያዊ ይሆናል። ሐኪሞች ይህን ሕመም አርጂሪያ ይሉታል። የሚያሳዝነው መድኃኒቱ ቢቆምም ቀለሙ አለመልቀቁ ነው።

በአሜሪካ የሞንታና ግዛት ስታን ጆንስ የሚባሉ ሰው በ2002 ለሴኔት ሲወዳደሩ ዓለም ያወቃቸው ከፖለቲካቸው ይልቅ በፊታቸው ቀለም ነበር። ሰውዬው 2000 ሲገባ ኮምፒውተሮች ተበላሽተው አንቲባዮቲክ ይጠፋል ብለው በመሥጋት፣ ከ1999 ጀምሮ የብር ውኃ በቤታቸው እየሠሩ ይጠጡ ነበር። ኮምፒውተሮቹ አልተበላሹም፤ አንቲባዮቲኩም አልጠፋም፤ የሰውዬው ቆዳ ግን ሰማያዊ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ብር ቢኖር የሚያሠጋ አይደለም፤ በዕድሜ ዘመን በጠቅላላው ወደ 10 ግራም የሚደርስ ብር ደግሞ ጉዳት ያልታየበት ወሰን ተደርጎ ይታሰባል። በአንድ ሚሊ አምፔር ለአንድ ሰዓት የተሠራ ሩብ ሊትር ብርጭቆ 4 ሚሊ ግራም ብር ይይዛል ብለናል። ይህም በሊትር 16 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ ከተባለው ልክ 160 እጥፍ ይበልጣል። በየቀኑ አንድ ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው የዕድሜውን ወሰን ሰባት ዓመት ሳይሞላ ይጨርሰዋል። በጨው የተበረታታውና በ10 ሚሊ አምፔር የሚሠራው ከሆነ ደግሞ ዓመት እንኳ አይፈጅበትም።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ጉዳዩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ደንብ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ማናቸውም የኮሎይዳል ብር መድኃኒት ፈዋሽነቱም ደኅንነቱም ያልተረጋገጠ ነው ሲል ወስኗል። በእኛም አገር መድኃኒት ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት መርምሮ የሚፈቅድ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ። በጓዳ የተሠራ ብርጭቆ ግን በማንም ፊት አያልፍም።

ብር ቦታው የት ነው?

ብሩ ለሆድ ካልሆነ ጥቅሙ የት ነው ቢባል፣ ጥቅሙ ውኃው ወደ አፋችን ከመድረሱ በፊት ነው። ወደ ጨረቃ የተጓዙት የአፖሎ መንኮራኩሮች የሚጠጣ ውኃቸው እንዳይበላሽ ጥቂት የብር አዮን የሚለቅ መሣሪያ ተሠርቶላቸው ነበር፤ ሩሲያውያንም በጠፈር ጣቢያዎቻቸው የብር አዮን በመጠጥ ውኃቸው ውስጥ ጨምረዋል። ልዩነቱ የመጠን ነው፤ ጥቂቱ ብር ውኃውን ይጠብቃል እንጂ በጠጪው ሆድ ውስጥ ሐኪም እንዲሆን አይታሰብም።

ለድኻ አገር የሚበጀው ጥበብ ግን ከጠፈር ሳይሆን ከሸክላ የመጣ ነው። በጓቴማላ አገር ፈርናንዶ ማሳሪዬጎስ የተባሉ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1981 ውኃ የሚያጣራ ሸክላ ሠሩ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሸክላው አፈር ከደቀቀ የእንጨት ብናኝ ጋር ይቦካል፤ በባልዲ ቅርጽ ከተሠራ በኋላ ይተኮሳል። በእሳቱ ጊዜ የእንጨቱ ብናኝ ተቃጥሎ በሸክላው ግድግዳ ውስጥ ደቃቅ ቀዳዳዎች ይተዋል። ከዚያ ኮሎይዳል ብር ይቀባል። ውኃው በሸክላው ውስጥ ሲያልፍ ትልልቁ ጀርም በቀዳዳው ይያዛል፤ ባክቴሪያውን ደግሞ በግድግዳው ያለው ብር ያዳክመዋል። በሰዓት አንድ፣ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሊትር ያህል ንጹሕ ውኃ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ ብር ስለሚበዛበት ይደፋል፤ በኋላ የሚወርደው ብር ግን ከተባለው ልክ በታች ይሆናል። ቫይረስን በሚገባ አያስቀርምና ፍጹም ነው አይባልም። ቢሆንም ንጹሕ ውኃ ለሌለው ቤት፣ ውኃ ከማፍላትና ክሎሪን ከመጨመር ጋር ከሚቆጠሩት መንገዶች አንዱ ነው።

ይህን ስጽፍ ልቤ ከጋሼ ቤት ብዙም ወደማይርቀው ወደ ቀጨኔ ይሄዳል። በዚያ ያሉ እጀ ጠቢባን ሴቶች ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱንና እንስራውን ሲሠሩ ስንት ትውልድ አለፈ! አዲስ አበባ ቡናዋን የምትጠጣበት ጀበና የእነርሱ እጅ ሥራ ነው። ሸክላው በምን ያህል እሳት እንደሚበስልና በምን ጊዜ እንደሚሰነጠቅ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የአፈሩና የብናኙ ልክ፣ የቀዳዳው ጥበትና የብሩ መጠን በላቦራቶሪ እየተመረመረ ቢሰጣቸው፣ እንዲህ ያለውን ማጣሪያ መሥራት ለእጃቸው የሚከብድ አይመስለኝም። የጋሼ የኤሌክትሪክ ዕውቀትም ቢሆን የሚከበረው በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ነው።

ከቤት ወደ ላቦራቶሪ የሚወስደው መንገድ

የቤት ዕውቀት ሁሉ የሚናቅ ነው የሚል ሰው ቢኖር አላወቀም። ኮሶ የኮሶ ትልን የሚያወጣ መሆኑን የኛ ሰው ከፈረንጅ ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ አውሮፓውያንም በ19ኛው መቶ ዓመት ይህን ከእኛ ወስደው በመድኃኒት መዝገባቸው ጽፈውታል። የእንዶድም ታሪክ ከዚህ ያላነሰ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1956 ዓ.ም. በአድዋ ሴቶች ልብስ በእንዶድ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የብልሃርዝያ በሽታ በነዚህ ቀንድ አውጣዎች ስለሚተላለፍ ነገሩን ወደ ላቦራቶሪ ወስደው መጠኑን፣ ጉዳቱንና ጥቅሙን ለብዙ ዓመታት መረመሩ። ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ልብ እንበል፤ ዶክተር አክሊሉ ቀንድ አውጣ ገደለ ብለው እንዶድን ለብልሃርዝያ ሕመምተኛ አላጠጡትም። የሚሠራበትን ቦታ ፈልገው እዚያው አዋሉት፤ ቦታውም ወንዙ ነበር።

ጉለሌ ራሷ የዚህ ዓይነት ምርመራ አገር ናት። ሠፈሩን እስከ ዛሬ ፓስተር እያልን የምንጠራው በ1940ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት እዚህ ስለ ተቋቋመ ነው። በ1956 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ማዕከላዊ ላቦራቶሪና የምርምር ተቋም ተተካው። በ1987 ዓ.ም. የጤና ምርምሩ፣ የሥነ ምግቡና የባህል መድኃኒቱ ክፍሎች በአንድ ተቋም ሥር ተሰበሰቡ። ዛሬም የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በመባል በዚያው ይሠራል። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ለረጅም ዘመን የተዘጋጀው በዚሁ ግቢ ነው። ከጋሼ ቤት በእግር ጥቂት ቢሄዱ የሚደረስበት ቦታ ነው።

የብርጭቆው መጨረሻ

በሚከተለው እሑድ የሠራሁትን ሒሳብ ይዤ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ስለ ሐኪም ብነግራቸው እንደማይሰሙኝ ስላወቅሁ ስለ አምፔር ጀመርኩ። ጋሼም መነጽራቸውን አድርገው አምፔር መለኪያቸውን ከመሳቢያ አወጡና ከሽቦው ጋር ቀጠሉት። መርፌውን አይተው ዝም አሉ። ቁጥሩን አልነገሩኝም፤ ግን በወረቀቴ ላይ ያለውን ሒሳብ ሁለት ጊዜ ሠሩት።

«እኔ አንድ ሰው ፊውዝ ሳያደርግ መስመር ቢቀጥል እቆጣ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ይኸው እኔ ራሴ ሳልለካ ቀጠልኩ።»

«ጋሼ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል መመርመር አለበት» አልኳቸው። «አክታዋን ይመርምሯት። ነቀርሳ ካልሆነ እሰየው፤ ከሆነም መድኃኒቱ በነጻ የሚሰጥ ነው።»

ሰኞ ጧት ሁለቱም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። እትዬ የሳንባ ነቀርሳ ተገኘባቸው። ይህ በሽታ ምን እንደ ሆነ ጀርመናዊው ሮበርት ኮህ ባክቴሪያውን ካገኘበት ከእ.ኤ.አ. 1882 ጀምሮ ይታወቃል፤ መድኃኒቱም ሳያቋርጡ ስድስት ወር ከወሰዱት የሚያድን ነው። ጋሼም ተመርመሩ ተብለው ተመረመሩ፤ አልተገኘባቸውም። ሳሉ ለሌላ ወር በብር ውኃ ተሸፍኖ ቢቆይ ኖሮ ግን የእሳቸውና ቡና የምንጠጣው ጎረቤቶች ዕጣ ምን ይሆን እንደ ነበር ማሰብ ያስፈራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በሽታን ከሚደብቁት ነገሮች አንዱ ደግሞ የማይሠራ መድኃኒት ነው።

እትዬ ስድስት ወሩን ጨርሰው ድነዋል። ጋሼ በየጧቱ ኪኒኑን ሲሰጧቸው እንደ መስመር ሠራተኛ በደብተር ላይ ምልክት ያደርጉ ነበር። ያ ደብተር እስከ ዛሬ አለ። ማርትሬዛዎቹም ወደ ሣጥናቸው ተመለሱ፤ አንደኛው ግን ገጹ ጠቁሯል።

በቅርቡ ቡና ተጠርቼ ስሄድ እትዬ ያንን ማርትሬዛ በጨርቅ እያሹ አገኘኋቸው።

«የእናቴን ብር አጠቆሩብኝ እኮ» አሉ ወደ ጋሼ እያዩ።

«ብሩ መጥቆሩ ነው ወይስ አንቺ አለመጥቆርሽ?» አሏቸው ጋሼ፤ ጀበናውም ቀረበ።